የምርኮ ብረት ይነጻል ወይ?

ሰርጓጅ መርከብ ለጭነት የተመቸ ዕቃ አይደለም። ጠባብ ነው፤ ሰፊውን ቦታ ሞተር፣ ባትሪና ቶርፔዶ ይዘውታል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ ከውኃ በታች ሲጓዝ ቀርፋፋ ነበር። ይህ ሁሉ እየታወቀ በዚያ ጦርነት ሰርጓጆች ዕቃ አመላላሽ እንዲሆኑ የተደረገው፣ ከጀርመንና ከጣሊያን ወደ ጃፓን የሚያደርሰው የባሕር መንገድ ከውኃ በላይ ለሚሄዱ መርከቦች ስለተዘጋ ነው። አውሮፓ ውስጥ የጎማ፣ የተንግስተንና የኪኒን እጥረት ነበር፤ ሁሉም ጃፓን በያዘችው የእስያ ክፍል ይገኝ ነበር። ስለዚህ በ1943 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ጣሊያን በፈረንሳይ ቦርዶ ወደብ ያሏትን ትልልቅ ሰርጓጆች ለጭነት እንድታውል፣ በምትኩም ከጀርመን አዳዲስ የውጊያ ሰርጓጆች እንድትረከብ ስምምነት ተደረገ። መድፋቸው ተነቀለ፤ የማጥቂያ መነጽራቸው ወረደ፤ የቶርፔዶ መተኮሻ ቱቦዎቻቸው የነዳጅ ማጠራቀሚያ ሆኑ። እያንዳንዳቸው መቶ ሃምሳ ቶንና ከዚያም በላይ እንዲጭኑ ተደርገው ተሰናዱ።

ጉዞው ብዙዎቹን በላ። ታዞሊ እና ባርባሪጎ የተባሉት ገና ከፈረንሳይ ጠረፍ ብዙም ሳይርቁ ከነባሕረኞቻቸው ጠፉ። ኮማንዳንቴ ካፔሊኒ፣ ጁሊያኒ እና ቶሬሊ ግን በ1943 ክረምት እስያ ደረሱ። ጣሊያን መስከረም 8 ቀን 1943 እ.ኤ.አ. ከጦርነቱ መውጣቷ ሲታወጅ ሦስቱም በትናንት ባልደረቦቻቸው እጅ ወደቁ፤ ጃፓኖች ያዟቸው፣ ለጀርመኖች አስረከቧቸው፣ ጀርመኖችም ዩ-አይ-ቲ በሚል ምልክት ቁጥር ሰጥተው ለዚያው ለጭነት አሰማሯቸው። ጁሊያኒ በየካቲት 1944 በማላካ ወሽመጥ በእንግሊዝ ሰርጓጅ ተመትቶ ሰጠመ። በግንቦት 1945 ጀርመን ስትሸነፍ ካፔሊኒና ቶሬሊ እንደገና ተያዙ፤ አሁን የጃፓን ሆኑ። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንድ ብረት ሦስት ባንዲራ ለበሰ፤ የማረኩትም ሁሉ ወዳጆቹ ነበሩ።

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ የራቀ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ማግሥት የሠራቻቸው አሥራ ሰባት ሰርጓጆች ዓድዋ በሚል የጋራ ስም ይታወቃሉ። ከመካከላቸው አክሱም፣ ደሴ፣ ጎንደር፣ መቀሌ፣ ተምቤን፣ ነገሌ፣ አላጌ፣ አሸንጌ እና ዋቢ ሸበሌ የሚባሉ ነበሩ። ወራሪው ባሕር አይተው ለማያውቁ ቦታዎች ስም ባሕር ሰጣቸው፤ ቦታዎቹን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። መቀሌ ጣሊያን ወደ ጦርነቱ በገባችበት ወር፣ በሰኔ 1940፣ በሱዳን ጠረፍ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቀረ። በዚያው ወር ከምፅዋ የወጣው ጋሊሌዮ ጋሊሌይ የተባለ ሌላ ሰርጓጅ አየሩ በማቀዝቀዣ ጋዝ ተመርዞ፣ ባሕረኞቹ ደክመው፣ ሙንስቶን በምትባል አነስተኛ የእንግሊዝ ጀልባ ተማረከ፤ ዓደን ተወስዶም የእንግሊዞች ማሠልጠኛ ሆነ። ፔርላ የተባለው ደግሞ ምፅዋ ከመውደቋ በፊት ከዚያ ወጥቶ፣ አፍሪካን ዞሮ ቦርዶ ከደረሰ በኋላ፣ በሐምሌ 1942 ቤሩት አጠገብ ተማርኮ ለግሪክ ባሕር ኃይል ተሰጠ።

ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የባሕር ኃይል ጥያቄ ብቻ አይደለም። ለመግደል የተሠራ፣ በጉልበትም የተወሰደ ዕቃ ለሌላ ሥራ ሲውል በደሉ ከላዩ ይወርዳል ወይ? ሆሳዕናን፣ ዱራሜን፣ አንጋጫን፣ ሺንሺቾንና ሾኔን በመሳሰሉ የሐዲያና የከምባታ ከተሞች ባሕር የለም፤ ጥያቄው ግን አለ፤ ያውም በየትውልዱ። ራስ አባተ ቧያለው ከተማቸውን በዋቸሞ መሥርተው ሆሳዕና ካሏት ጊዜ ጀምሮ በዙሪያዋ ያለው መሬት ለሠራዊት ተደልድሎ ገበሬው ገባር ሆኖ ኖሯል፤ ይህም የተሻረው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ነው። ጣሊያን በአምስት ዓመት ቆይታው አገሩን ጅማን መናገሻው ባደረገ የአስተዳደር ክፍል ውስጥ አስገባው፤ በግንቦት 1941 እ.ኤ.አ. ሻሸመኔና ሶዶ ሲያዙበት መሣሪያውንና ካሚዮኑን ትቶ ሄደ። ከዓመታት በኋላ የመጣው ደርግ የጸሎት ቤቶችን ወሰደ። በየዙሩ የሆነ ነገር ተማርኳል፤ አገልግሎቱም ተለውጧል።

በነዚህ ከተሞች ኦርቶዶክሱ፣ የቃለ ሕይወትና የመካነ ኢየሱስ ምእመኑ፣ ካቶሊኩና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሁሉም የሚያነቧቸው ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ምርኮ ዝም አላሉም፤ የሚሰጡት መልስ ግን አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው መልስ እርም ነው። በኢያሪኮ ምርኮ ላይ እጁን የዘረጋው አካን፣ ካባውንና ወርቁን በድንኳኑ ውስጥ ስለቀበረ እሱ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ሁሉ ተመታ። እርም የሆነ ነገር ለምንም አይውልም፤ ይጠፋል፤ ወይም ብረቱና ወርቁ ለእግዚአብሔር ግምጃ ቤት ይገባል። ይህ መልስ በሐዲያና በከምባታ የወንጌላውያን ታሪክ ውስጥ ጠንካራ ሥር አለው። የሱዳን ኢንቲርየር ሚሲዮን መልእክተኞች በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወደ ደቡብ ወርደው፣ በኋላም በጣሊያን ሲባረሩ የተውአቸው ጥቂት አማኞች ያለ ውጭ ረዳት ሲበዙ፣ ወደ አዲሱ እምነት የገባ ሰው ለመናፍስት ያገለግልበት የነበረውን ዕቃ ማቃጠል የመለወጡ ግልጽ ምልክት ነበር። ዕቃውን ሸጦ ገንዘቡን ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ይቻል ነበር፤ ወይም ጨሌውን ለጌጥ፣ ማሰሮውን ለውኃ። አልተደረገም። ምክንያቱ ብክነትን መውደድ አይደለም። ዕቃው ከኃይሉ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ባለቤቱም ጎረቤቱም ስለሚያውቁ፣ በቤት ውስጥ መቆየቱ በራሱ የሚናገረው ነገር ስለነበረ ነው።

ሁለተኛው መልስ ማንጻት ነው። ዘኍልቁ ከምድያም ስለተገኘው ምርኮ ሲደነግግ እሳትን የሚችል ብረት ሁሉ በእሳት እንዲያልፍ፣ ከዚያም በማንጻት ውኃ እንዲነጻ፣ እሳትን የማይችለውም በውኃ ብቻ እንዲያልፍ ያዝዛል። ይህ ለመሐንዲስ ቅርብ የሆነ ሕግ ነው፤ ዕቃውን እንደ ጠባዩ ያየዋል። ከዚህ ጋር የሚዛመደው የቆሬ ታሪክ የበለጠ ይገርማል። ጥና ይዘው ያመፁት ሰዎች በእሳት ጠፉ፤ ጥናዎቻቸው ግን አልተጣሉም፤ ተቀጥቅጠው የመሠዊያው መለበጫ ሆኑ። መታሰቢያ እንዲሆኑም ስለተፈለገ ኃጢአቱ አልተደበቀም፤ በመሠዊያው ላይ ታየ። በኢትዮጵያ ገጠር የመድፍ ቀለህ በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቤተ ክርስቲያን ወይም የትምህርት ቤት ደወል ሆኖ ሲመታ ከዚህ የሚቀርብ ነገር ይሠራል፤ ቀለህ መሆኑን ማንም አይስተውም።

ሦስተኛው መልስ ደግሞ ምንም ሥርዓት ሳይፈጸም በዕቃው መጠቀም ነው። ዳዊት ከሳኦል ሲሸሽ የጎልያድን ሰይፍ ከኖብ ካህን ተቀብሎ ታጠቀ፤ አላቀለጠውም፣ አልቀየረውም። አውግስጢኖስም እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ ይዘውት የሄዱትን ወርቅ ምሳሌ አድርጎ፣ አሕዛብ በክፉ የተጠቀሙበትን መልካም ነገር አማኝ ወስዶ በቀና መንገድ ሊጠቀምበት ይገባል ብሎ አስተማረ። ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ሲጠቀስ አንድ ነገር ይዘለላል፦ ከግብፅ በወጣው ወርቅ መጀመሪያ የተሠራው ድንኳኑ ሳይሆን ጥጃው ነው። ወርቁ ከጨቋኝ እጅ መውጣቱ ብቻውን ለመልካም አያበቃውም።

በእስልምና መልሱ የሚያተኩረው በዕቃው ንጽሕና ላይ ሳይሆን በአከፋፈሉ ላይ ነው። የቁርኣን የአል አንፋል ምዕራፍ ምርኮ የአላህና የመልእክተኛው መሆኑን ከገለጸ በኋላ አንድ አምስተኛው ለየቲሞች፣ ለድሆችና ለመንገደኞች ጭምር እንዲውል ይደነግጋል። ከመከፋፈሉ በፊት ከምርኮው ደብቆ መውሰድም ከባድ ወንጀል ነው። ማራኪው ዕቃውን ስለያዘ ብቻ ባለቤት አይሆንም፤ በውስጡ ያልተዋጋ ሰው ድርሻ አለ።

እነዚህ መልሶች በካፔሊኒ ላይ ሲፈተኑ ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይቸገራሉ። ጭነት አመላላሽ የሆነው ሰርጓጅ በመልኩ ተለውጧል፤ ቶርፔዶ የለውም፤ አይገድልም። ኢሳይያስና ሚክያስ ሰይፍ ማረሻ የሚሆንበትን ቀን ሲያዩ ያሰቡት ይህንን ነው ለማለት ግን አይቻልም። ማረሻ የሚያርሰው ለእህል ነው፤ ካፔሊኒ የጫነው ግን የጦር መኪና የሚጫማው ጎማና የጥይት ፋብሪካ የሚፈልገው ተንግስተን ነበር። ኪኒን እንኳ፣ በጊቤና በቢላቴ ቆላ በወባ የሚነድ ሰው ዋጋውን የሚያውቀው መድኃኒት፣ በዚያ ጉዞ የሚፈለገው ወታደሩን አድኖ ወደ ግንባር ለመመለስ ነበር። ከላይ ከተነሡት መልሶች አንዳቸውም አልተፈጸሙም። ኢዩኤል ደግሞ ነገሩን ገልብጦ ማረሻ ሰይፍ የሚሆንበትን ጥሪ ስለሚያሰማ፣ ብረት በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሄድ መጽሐፉ ራሱ ያውቃል። ዶይችላንድ የተባለው የጀርመን ሰርጓጅ በ1916 እ.ኤ.አ. ቀለም ጭኖ አሜሪካ ባልቲሞር የደረሰ ሰላማዊ የንግድ መርከብ ነበር፤ በዓመቱ መድፍና ቶርፔዶ ተገጥሞለት ዩ-155 ሆነ።

ስለዚህ ለውጥን ከቅርጽ መፈለግ አያዋጣም። የዚያው የካፔሊኒ ታሪክ ይህንን በደንብ ያሳያል። በጥቅምት 1940 እ.ኤ.አ. አዛዡ ሳልቫቶሬ ቶዳሮ ካባሎ የምትባል የቤልጂግ መርከብ በአትላንቲክ ካሰጠመ በኋላ፣ በጀልባ የቀሩትን ሃያ ስድስት ሰዎች እየጎተተ፣ ኋላም በራሱ መርከብ ላይ ጭኖ አዞረስ ደሴት አድርሷቸዋል። የጀርመኑ አድሚራል ደኒትስ ነቀፈው። በዚያ ጊዜ ካፔሊኒ መድፉም ቶርፔዶውም ነበሩት፤ የጫነው ግን ሰው ነበር። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ መድፉና ቶርፔዶው ወርደውለት የጫነው የጦርነቱን ስንቅ ነው። መርከቡ ከጦርነት መንፈስ የራቀው የትኛው ጊዜ ነው ቢባል፣ የታጠቀበት ጊዜ ነው ማለት ይቀላል። ዕቃው የሚመዘነው ምን ተነቅሎለታል በሚለው ሳይሆን የጭነቱ ተጠቃሚ ማን ነው በሚለው ነው።

ይህ ግን የጥያቄው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ዕቃው እንዴት ተያዘ የሚለው ሲሆን፣ በሐዲያና በከምባታ ከማንኛውም ሰርጓጅ በላይ ይህንን የሚያስረዳው በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሆነው ነው። ደርግ በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶችን ዘጋ፤ አንዳንዶቹ የገበሬ ማኅበር መሰብሰቢያ፣ አንዳንዶቹ መጋዘን ሆኑ። እዚህ ላይ ከሰርጓጁ የተገለበጠ ነገር ይታያል። የተማረከው ዕቃ የመግደያ መሣሪያ አልነበረም፤ የሚሰጠው አዲስ አገልግሎትም በራሱ ክፉ ላይሆን ይችላል። እህል ማከማቸት መልካም ነው። ለምክክር መሰብሰብም መልካም ነው። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚሠራበትን አዳራሽ ለሕዝብ ጥቅም አውለነዋል ብሎ መከራከር ይችል ነበር፤ ክርክሩም ተራ ክርክር አይሆንም ነበር።

ክርክሩ የሚወድቀው ስለ አገልግሎቱ የሚቀርበው መልስ ስለ አያያዙ ለቀረበው ጥያቄ መልስ ስለማይሆን ነው። ምእመናኑ ሣርና እንጨት ተሸክመው፣ ከእንሰትና ከከብት ያገኙትን አዋጥተው የሠሩት ቤት ያለ ፈቃዳቸው ተወስዷል። በውስጡ የተከመረው እህል የተራበ ቢያበላም መወሰዱን አያጸድቀውም። በተቃራኒውም፣ መወሰዱ በደል ስለሆነ እህሉ እርም ነው፣ የበላውም ረክሷል ማለት አይቻልም። በሃይማኖት ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሳከሩት እነዚህ ሁለት ጉዳዮች ናቸው፤ አንዱ ወገን በመልካም አገልግሎት መያዙን ያስረሳል፣ ሌላው በክፉ አያያዝ አገልግሎቱን ያረክሳል።

ሥርዓተ እምነቶቹ በዚህ ላይ ቀላል የማይባል ልዩነት አላቸው። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳት አንድ ጊዜ ከተባረኩ በኋላ ወደ ዓለማዊ ሥራ አይመለሱም፤ ቤተ መቅደስ ከተደፈረም እንደገና መባረክ አለበት። በወንጌላውያኑ ዘንድ ቅዱሱ ጉባኤው እንጂ ግድግዳው አይደለም። የተዘጋባቸው ምእመናን በየቤቱና በየጓሮው መሰብሰብ ሲቀጥሉ ይህ እምነት ጠቅሟቸዋል፤ ቤቱ ሲማረክ ቤተ ክርስቲያኑ አልተማረከምና። ከግንቦት 1983 ዓ.ም. በኋላ ቤቶቹ ሲመለሱም ጠርጎ፣ ጸልዮ መግባት በቂ ነበር። ይሁን እንጂ ግድግዳው ቅዱስ ካልሆነ መወሰዱ ቀላል ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። የሰው ንብረት ለመሆን መቀደስ አያስፈልገውም።

አያያዝን በተመለከተ ከጣሊያን ምርኮ ጋር በኢትዮጵያ የሆነውም መታወስ አለበት። እንግሊዞች በ1941 እ.ኤ.አ. ጣሊያንን ካሸነፉ በኋላ በኢትዮጵያ ምድር ያገኙትን ማሽንና ተሽከርካሪ የጠላት ንብረት ነው በሚል እየነቀሉ ወደ ቅኝ ግዛቶቻቸው አጓጓዙ። የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃወመ። በጣሊያን ጊዜ የተሠራው መንገድ ድንጋዩ የኢትዮጵያ፣ ጉልበቱም ከፊሉ የኢትዮጵያዊ ነበር፤ ማሽኑ ግን ከሮም የመጣ። የድሉ ተካፋዮች አርበኞችም ነበሩ። በሕግ ቋንቋ ክርክሩ የምርኮ መብት ክርክር ነው፤ በአል አንፋል ሚዛን ቢታይ ግን ከተዋጊው ሌላ የተጎዳውም ድርሻ እንዳለው ይነገር ነበር። ከዚያ የተረፉት ካሚዮኖች ለዓመታት የአገሪቱን እህልና ቡና ሲያመላልሱ ኖረዋል፤ ለዚህ አገልግሎታቸው ማንም የማንጻት ሥርዓት አላስፈለገውም።

ከዕቃው ጋር ሰውም ይማረካል፤ እዚህ ላይ የማንጻት ንግግር ሁሉ ማቆም አለበት። በእስያ ወደቦች ሰርጓጆቻቸው የተያዙባቸው የጣሊያን ባሕረኞች ገሚሶቹ በጀርመን ሥር ማገልገልን መረጡ፤ ሌሎቹ ወደ ምርኮኛ ሰፈር ሄዱ። ምርጫ መባሉ ራሱ ያጠራጥራል። ሐዲያ ይህን ጉዳይ ከሁሉ ቀድሞ ያውቀዋል፤ በመካከለኛው ዘመን የጻፈው ዓረቡ ጸሐፊ አል ዑመሪ የተማረኩ ሰዎች ለባርነት ንግድ የሚያልፉበት ስፍራ አድርጎ ጠቅሶታል። የሐዲያ ገራድ ልጅ የሆነችውና ዛሬ በሆሳዕና ሆስፒታል የተሰየመላት ንግሥት እሌኒም በሰላምና በጦርነት መካከል በሚደረግ የጋብቻ ፖለቲካ ነው ወደ ዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት የገባችው። በዚያ ያገኘችው ሥልጣን ታላቅ ነው፤ ለአገሪቱም ጠቅሟል። ሆኖም ሰው ወደ ሌላ አገልግሎት ገብቶ መልካም ስለሠራ መወሰዱ ትክክል ነበር የሚል አስተሳሰብ የሰውን ልጅ ከካሚዮን አይለየውም። በአንጻሩ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1941 እ.ኤ.አ. ሲመለሱ ጣሊያኖች እንዳይነኩ አዝዘዋል፤ ብዙ መካኒክና ግንበኛም በአገሩ ቀርቶ ሠርቷል። እነዚያ ሠራተኞች ደመወዝ ይጠይቁ፣ ሲከፋቸውም ይሄዱ ስለነበር ነገሩ ከምርኮ ይለያል።

ምርኮ የሚዘጋበት ትክክለኛው መንገድ መመለስ ነው፤ ለዚህም ከመጽሐፍ ቅዱስ ዝርዝር የሚገኘው በዕዝራ ነው። ናቡከደነፆር ከኢየሩሳሌም የማረካቸውን የመቅደስ ዕቃዎች በባቢሎን ቤተ ጣዖት አኑሯቸው ነበር፤ ብልጣሶር በግብዣ ላይ ጠጅ ጠጣባቸው። ቂሮስ ሲመልሳቸው ግን በግምት አላስረከበም፤ በግምጃ ቤቱ ሹም እጅ ተቆጥረው ወጡ፣ ድምራቸውም አምስት ሺህ አራት መቶ ሆኖ ተመዘገበ። ባቢሎን ውስጥ ስለነበሩበት ጊዜ የተነገረ የማንጻት ሥርዓት በዚያ ምዕራፍ የለም። ቆጠራው በቂ ነበር። በሐዲያና በከምባታም ጸሎት ቤቶቹ ሲመለሱ ጉባኤው የጠየቀው ይህንኑ ነው፦ ቤቱን፣ ግቢውን፣ ወንበሩን።

ሰርጓጆቹን ግን የሚመልስላቸው አልነበረም። ካፔሊኒና ቶሬሊ ጃፓን እጅ ስትሰጥ በአሜሪካኖች ተይዘው በ1946 እ.ኤ.አ. ባሕር ውስጥ እንዲሰጥሙ ተደረገ። በአውሮፓ ድል አድራጊዎቹ ሦስት መንግሥታት እጅ ከሰጡት የጀርመን ሰርጓጆች አሥር አሥር ተካፍለው ሌሎቹ እንዲጠፉ ተስማሙ፤ እንግሊዝም ከኅዳር 1945 እስከ የካቲት 1946 ድረስ 116 ሰርጓጆችን ወደ አትላንቲክ ጎትታ አሰጠመች። ድርጊቱ በመልኩ እርምን ይመስላል፤ ያነሣሣው ግን ቅድስና አልነበረም። ከሦስቱ አንዳቸውም ሌላው ብዙ ሰርጓጅ እንዲኖረው አልፈለጉም፤ አሥር አሥሩን ግን ሁሉም ለራሳቸው አስቀሩ።